የተገዘተው ብሎን

«ከዚያ ብረት ላይ አውርጄ ነው የምወስዳት» አለ አሉ፤ በገበያ መሃል፣ ሰው እየሰማው። ወሬውን ይዛልን የመጣችው ጌሾ ልትሸጥ ሄዳ በጆሮዋ የሰማች ጎረቤታችን ናት። ብረት ያለው ብስክሌቴን ነው። ሰውየው ከጋይንት በኩል በሬ እየነዳ ደብረ ታቦር የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ሽማግሌ ሁለቴ ልኮ አባቴ ሁለቴም «ልጄ ኮሌጅ ገብታለች፣ ትማር» ብለው መልሰውታል። ሦስተኛ ሽማግሌ እንደማይልክ ከገበያው ወሬ በኋላ ሁላችንም ገባን። ወንድሜ የአባቴን ጠመንጃ ከግድግዳው አውርዶ ይወለውል ጀመር። እናቴ ብስክሌቴን ከጎተራው ጀርባ ደበቀችው። እኔ መልሼ አወጣሁት። የዞኑ ብስክሌት ቡድን ውስጥ ከነበርነው ሁለት ሴቶች አንዷ ነኝ፤ ፈርቼ ቤት ብቀር ሰውየው ሳይነካኝ ወሰደኝ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

ግን ፈርቻለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ስወጣ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቢመጡብኝ በምን ፍጥነት እወርዳለሁ? ከወረድኩ እሮጣለሁ፤ ገደልም ቢሆን እገባለሁ። ለመውረድ ግን እግሬ ከፔዳሉ መላቀቅ አለበት።

የእኛ ፔዳል እግር ጣል የሚደረግበት ተራ ፔዳል አልነበረም። አሰልጣኛችን ያገለገሉ የእሽቅድምድም ፔዳሎችና ጫማዎች ከአዲስ አበባ በጆንያ ጭኖ ያመጣልን በዚያው ዓመት ነው። ከጫማው ሶል ስር ክሊት የሚሉት ጠንካራ ፕላስቲክ በሦስት ብሎን ይታሰራል። ፔዳሉን ሲረግጡት ቀጭ ብሎ ክሊቱን ይነክሰዋል። ከነከሰ በኋላ እግርን ወደ ላይ ቢስቡት አይለቅም፤ ብስክሌቱ አብሮ ይነሳል እንጂ። የሚለቀው ተረከዝን ወደ ውጭ ሲያዞሩት ብቻ ነው። ምን ያህል አጥብቆ እንደሚነክስ የምትወስነው ከፔዳሉ ጀርባ ያለች አንዲት ትንሽ ብሎን ናት። ወደ ቀኝ ሲያዞሯት ታጠብቃለች፣ ወደ ግራ ታላላለች።

ጫማዎቹን ባደረግንበት ቀን ሁላችንም ወደቅን። መሄዱ ቀላል ነው፤ መቆሙ ነው ጉዱ። ፍሬን ይዘሽ ትቆሚያለሽ፣ እግርሽን ልታወርጂ ስትይ የለም፣ እንደ ድንች ጆንያ ወደ ጎን ትዘረጊያለሽ። መንገድ ዳር የቆመው ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ኧረ ሴቶቹን ብረት በላቸው!»

«ያንተን እናት ይብላት!» አለች ሁለተኛዋ ልጅ፣ ከነብስክሌቷ መሬት ላይ ተጋድማ፣ ክርኗ እየደማ። ከእብናት ለትምህርት የመጣች ስለነበረች የእብናቷ እንላት ነበር። አፏ አያርፍም፤ እኔ ስማቸውን ለመጥራት የምፈራቸውን ቅዱሳን እሷ ለስድብ ማሟሻ ታደርጋቸው ነበር። ቢሆንም ከእሷ የተሻለ ጓደኛ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

አሰልጣኙ የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን ወደ አገሩ የተመለሰ አሥር አለቃ ነበር። ክሊቱን ሲያስርልን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ እግራችንን ያንጠለጥላል፤ በአውራ ጣቱ ከእግራችን አውራ ጣት ስር ያለውን ጉብ ያለ አጥንት ይፈልግና ጫማው ላይ በስክርቢቶ ምልክት ያደርጋል። የክሊቱ መሃል ከዚያ አጥንት ስር መዋል አለበት። ይህን በደንብ ያውቅ ነበር፣ አልዋሽም። አቅጣጫውን ግን ለሁላችንም አንድ ዓይነት፣ ቀጥ አድርጎ አሰረው። የእኔ ቀኝ እግር ቀጥ አይልም። ልጅ ሳለሁ በቅሎ ረግጣኝ ቁርጭምጭሚቴ ተሰብሮ ነበር፤ ወጌሻው ሲያስረው ጣቶቼ ወደ ውጭ እንዳዩ ገጠመ። ተረከዜን ወደ ውጭ አዙሪ ብባል ጉልበቴ ካልታጠፈ አይዞርም።

«ጋሼ፣ የቀኝ እግሬ ሲቆም እንዲህ ነው። ክሊቱን ትንሽ ቢያዞሩልኝ።»

«ይለምዳል!»

«ያኛውን ዓይነት ክሊትስ ቢያደርጉልኝ?» ጆንያው ውስጥ ሁለት ዓይነት ክሊት ነበር። አንደኛው ሲታሰር እግር ትንሽ ወዲያ ወዲህ እንዲል ይፈቅዳል። ሌላው ጨርሶ አያላውስም።

«የሚወላውል ክሊት ለሚወላውል ሰው ነው!» አለና የማያላውሰውን ወርውሮ ሰጠኝ። ጫማውም የወንድ ነበር፤ ይሰፋኛል። ማሰሪያው ስላረጀ ከአሮጌ የጎማ ላስቲክ ቀድጄ በቁርጭምጭሚቴ ላይ ጠምጥሜ አጠብቀው ነበር።

እሱ ሲሄድ ከእብናቷ ጋር ተቀምጠን ሦስቱን ብሎን አላላንና የቀኙን ክሊት አፍንጫ ወደ አውራ ጣቴ በኩል ጥቂት አዞርነው። ስነዳ ጉልበቴን ያቃጥለኝ የነበረው ተወኝ። ከፔዳሉ ጀርባ ያለችውንም ብሎን አላላኋት። ተረከዜን ገና ነካ ሳደርገው ቀጭ ብሎ ይለቀኛል። ያን ሰሞን በሰላም ተኛሁ።

ወረታ ላይ በተደረገው ማጣሪያ ግን ያው ማላላቴ ጣለኝ። መጨረሻው ላይ ተነስቼ ስጋልብ የቀኝ እግሬ በራሱ ተፈናጥሮ ወጣ። ደረቴ መሪውን መታ፣ አገጬ አስፋልቱን። የእብናቷ ከኋላዬ ነበረችና በእጄ ላይ ሄደችበት። የፊት ጥርሴ ከንፈሬን በስቶት ወጣ። ቀና ስል አሰልጣኙ ከላዬ ቆሟል። አፌን አላየም፤ ፔዳሉን ነው ያየው። ብሎኗን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ ላልታ ሲያገኛት በደም የታጠበ ፊቴን በጥፊ መታኝ። ደሙ በእጁ ላይ ሲቀር በኔው ማሊያ ጠረገው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሰው አይደሉም!» ብላ የእብናቷ ተነሳች። እሷንም በጎማ መንፊያው ሁለት ጊዜ አሳረፈባት። ከዚያ መፍቻውን አውጥቶ ብሎኗን ወደ ቀኝ አዞረ፣ አዞረ፣ አልዞር እስክትል ድረስ አዞረ። ሲጨርስ ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ፣

«በመድኃኔዓለም ገዝቼሻለሁ! ይቺን ብሎን በእጅሽ እንዳትነኪ!»

ቢላ ቢመዝብኝ ይሻለኝ ነበር። በእኛ አገር እንዲህ የተባለበት ነገር አይነካም። ጨዋታም አይደለም። አባቴ በወንድማማች ጠብ የተገዘተ ማሳ ሳይታረስ ዳዋ ሲበላው አሳይተውኛል። አሰልጣኙ ይህን ያውቃል፤ ግዝት የማትፈራው የእብናቷ ብትሆን ኖሮ ቁልፍ ገዝቶ ይቆልፍባት ነበር እንጂ እንዲያ አይላትም።

«እሱ ቄስ ነው?» አለችኝ በመንገድ ስንመለስ። «ሲጋራ አፉ ላይ ሰክቶ የሚገዝት ቄስ የት አየሽ?»

«ስሙ ተጠርቷል።»

«መድኃኔዓለም ሥራ አጥቶ ያንቺን ፔዳል ይጠብቃል?»

በማግስቱ ወደ ነፍስ አባቴ ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ ለቀብር ሲወጡ ደረስኩባቸው። መስቀል ተሳልሜ ነገሩን ነገርኳቸው። ስለ ሰውየውም፣ ስለ ገበያው ዛቻም ነገርኳቸው።

«ክህነት የሌለው ሰው ሊገዝት አይችልም» አሉ። «ነገር ግን የጠራው የጌታን ስም ነው። በራስሽ እጅ አትድፈሪው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነይ፣ እኔ እፈታሻለሁ፤ ከዚያ እንደ ወደድሽ አዙሪው።»

«አባ፣ ዛሬ ቢፈቱኝስ?»

«ልጄ፣ አስከሬን ቆሞ እየጠበቀኝ ነው» ብለው ሄዱ።

ከእሑድ በፊት ዓርብ ነበረ።

ዓርብ ልምምዳችን ወደ ጉና ነው። የነቢያት ጾም ላይ ስለነበርን ባዶ ሆዴን ነው የወጣሁት። ክምር ድንጋይን አልፈን ዳገቱን ስንይዝ አመዳዩ ገና ከገብሱ ላይ አልተነሳም፤ እጄ መሪው ላይ ደርቋል። የእረኛ ውሾች ሁለት ቦታ አሯሩጠውናል፤ አንደኛው የጫማዬን ተረከዝ ነክሶ አንድ ጥርሱን ትቶልኝ ሄደ። አሰልጣኙ በኪራይ ፒካፕ ይከተለን ነበር፤ ጎማ ተነፈሰበትና ከኋላ ቀረ። የእብናቷ እንደ ልማዷ ቀድማኝ ኩርባውን ዞረች።

ሦስት ሆነው ከገብሱ ማሳ ወጡ። አንዱ በቅሎ ይስባል፤ በቅሎዋ ኮርቻና ግላስ ተደርጎላታል፣ እንደ ሙሽራ በቅሎ። አንዱ ጋቢ ዘርግቷል። ከብት ነጋዴው ራሱ ዱላ ይዟል። ጮህኩ። ጋቢው ፊቴ ላይ ሲወድቅ ዓይኔ ጠፋ፤ ብስክሌቱም እኔም ወደቅን። የግራ እግሬ በመውደቁ ኃይል ተላቀቀ። የቀኙ አልተላቀቀም።

ተረከዜን ወደ ውጭ ገፋሁ። አልሆነም። ደግሜ ገፋሁ። ቁርጭምጭሚቴ እንደ ግንድ ነው፣ ብሎኗ እንደ ድንጋይ። ነጋዴው ከብብቴ ስር ይዞ አነሳኝ፤ ብስክሌቱ አብሮኝ ተነሳ።

«ብረቱን ልቀቂ!»

«አልያዝኩትም!»

እጄ ባዶ ነበር፤ እሱ ግን የያዝኩት መስሎት ጣቶቼን በዱላው መታኝ። ሁለተኛው ብስክሌቱን ወደ ኋላ፣ ነጋዴው እኔን ወደ ፊት ሳቡ። መሃላቸው ያለው ጉልበቴ ነው። እንደ እርጥብ እንጨት ሲሰነጠቅ ሰማሁት። ከመጮኼ የተነሣ ድምፄ ተዘጋ። ጎትተው ከአስፋልቱ ወደ ጥርጊያው አወረዱኝ፤ ጀርባዬ ተላጠ፤ የማርሹ ጥርስ ከኋላ የሚጎትተውን ሰውዬ ባቱን ዘነጠለውና እየተሳደበ ብስክሌቱን በእርግጫ መታው። እርግጫው ለእኔ እግር ነው የደረሰው።

«ወደ በቅሎዋ! ከነብረቱ ጫናት!» አለ ነጋዴው።

ከነብስክሌቴ አነሱኝ። የኋላው ጎማ በበቅሎዋ ፊት ይሽከረከር ነበር። በቅሎዋ አየችው፣ ጆሮዋን ለጠፈች፣ ሳቢዋን መሬት ለመሬት ጎትታ በገብሱ መሃል ሸመጠጠች። እኔን መልሰው መሬት ላይ ጣሉኝ። ነጋዴው ከወገቡ ማጭድ መዘዘና ጫማውን ይከተክተው ጀመር። የጫማው ሶል ደረቅ ነው፤ ማጭዱ እየተንሸራተተ ባቴን በላው። የማውቃቸውን ታቦታት ሁሉ ጠራሁ። በየመሃሉ እሑድ፣ እሑድ እያልኩ እንደነበር ኋላ የእብናቷ ነገረችኝ።

እሷ ከላይ ቁልቁል መጣች። ፍሬን አልያዘችም። ማጭድ የያዘውን ሰውዬ ከነብስክሌቷ ጀርባው ላይ ወጣችበት፤ ሁለቱም ተንከባለሉ። እግሮቿ በአንድ ጊዜ ቀጭ ቀጭ ብለው ተላቀቁ፤ የእሷን ፔዳል ማንም አላጠበቀውም። ሊነሣ ሲል በክሊቱ አፉን ረገጠችው። አንዴ አይደለም። አፍንጫው ተጨፍልቆ ከስሩ የወደቀው ጋቢ ቀይ እስኪሆን ድረስ ረገጠችው፣ እየረገጠችም የአባቱን የአያቱን አጥንት በስድብ ከመቃብር ታወጣ ነበር። ጋቢ የዘረጋው በድንጋይ ትከሻዋን መታት፤ የጎማ መንፊያዋን ይዛ ዞረችበት።

አንድ አይሱዙ የጭነት መኪና የደረሰው ያኔ ነው። ድንች የጫነ ነበር፤ ጋቢና ውስጥ ያሉት የእብናት እህል ነጋዴ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ሙስሊም ናቸው፤ የእብናቷ ከልጅነቷ የምታውቃቸው። ጭነቱ ላይ የነበሩት ወዛደሮች ገና መኪናው ሳይቆም ዘለሉ። ጋቢ የዘረጋው ሮጠ። ከብት ነጋዴው አልሮጠም፣ አልቻለም። ወዛደሮቹ በገዛ ዱላው ያዙት። ዱላው ሥጋ ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው ድምፅ ዛሬም እህል ሲወቃ ስሰማ ይመጣብኛል። ደስ አለኝ ልበል? ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ያን ጊዜ ደስ ብሎኛል።

«ተዉት፣ ይሞትባችኋል!» አሉ ሽማግሌው። «እሰሩት። ሬሳ ይዤ ደብረ ታቦር አልገባም።»

ከዚያ ወደ እኔ መጥተው ተንበረከኩና እግሬን አይተው፣

«ወላሂ፣ ምን ዓይነት ወጥመድ ነው?» አሉ። በሁለት እጃቸው ይዘው ሊስቡ ሲሉ ጮህኩ።

«አይሳብም ጋሼ! ተዉት!» አለች የእብናቷ። «የሚዞር ነው።»

ተረከዜን ይዛ ልታዞር ሞከረች። ከጉልበቴ በታች ያለው የኔ አልመሰለኝም። ጫማውን እንፍታ ብለው የጠመጠምኩትን ላስቲክ ቢፈልጉት እግሬ አብጦ ላስቲኩ ሥጋዬ ውስጥ ገብቷል። የእብናቷ ከማሊያዋ የኋላ ኪስ መፍቻዋን አወጣች።

«አትንኪው» አልኳት።

«ምን?»

«ተገዝቷል።»

ትንፋሽ አጥሯት፣ ትከሻዋ እየደማ፣ መፍቻውን እንደያዘች አየችኝ። ሽማግሌው አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያሉ።

«ምን ትላለች?»

«አሰልጣኛችን ብሎኑን እንዳትነካ ገዝተዋት ነው ጋሼ።»

«ሱብሐነላህ» አሉ፤ እጃቸውንም ከብስክሌቱ ላይ አነሱ።

«ስሚኝ» አለችኝ፣ ጎንበስ ብላ። «በእጅሽ እንዳትነኪ ነው ያለሽ። በእጅሽ። እኔን ማን ገዘተኝ?»

መፍቻውን ሰካችና ወደ ግራ አዞረች። ብሎኗ መጀመሪያ እምቢ ብላ ጮኸች፣ ከዚያ ለቀቀች። ደጋግማ አዞረች። ተረከዜን በእርጋታ ነካ አደረገችው።

ቀጭ።

አሰልጣኙ ጎማውን ለውጦ ሲደርስ ወዛደሮቹ ከጭነቱ ላይ ድንቹን ገፋ አድርገው አስተኝተውኝ ነበር። እኔን አየ፣ የታሰረውን ሰውዬ አየ፣ ከዚያ ብስክሌቴን አነሣና ማጭዱ የቧጨረውን ፔዳል አየ።

«አየሽ?» አለ። «ላልቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጋይንት ነበርሽ!»

የእብናቷ ፊቱ ላይ ተፋችበት። እኔ ግን ያለው እውነት እንደሆነ ገብቶኝ ነበር፤ በዚያ እውነት ላይ ደግሞ ጥፊው ነበረበት፣ ጉልበቴ ነበረበት። እስከ ዛሬም አላመሰገንኩትም።

እሑድ ነፍስ አባቴ መስቀላቸውን ይዘው ቤታችን ድረስ መጡ። አልጋ ላይ ነበርኩ።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለው ባረኩኝ።

«አባ፣ ተፈቷል እኮ። ሌላ ሰው ፈታው።»

«ሰምቻለሁ።»

«ያ ሰው ባይገዝተኝ አላላው ነበር። ባላላው ደግሞ ይወስዱኝ ነበር። ወይም ሮጬ አመልጥ ነበር። የትኛው ነው?»

መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «እኔ ያን ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ልፈታሽ ስችል አልፈታሁሽም» አሉ። «ይህን እኔም ለራሴ አባት እናገራለሁ። አንቺ ጸልዪ፣ ጉልበትሽን አሳርፊ።»

ወንድሜ ጠመንጃውን ይዞ ወደ ጋይንት ሊሄድ ሲል አባቴ በር ላይ ቆመው አፈሙዙን ደረታቸው ላይ አስደገፉና «በእኔ በኩል እለፍ» አሉት። አላለፈም። ከብት ነጋዴው ተፈረደበት። ዘመዶቹ ግን አልታሰሩም፤ አጥራችን ሁለቴ ተቃጠለ፣ አንዲት ላማችን ጅማቷ ተቆርጦ ተገኘች። ከዚያ ወዲያ አባቴ ትማር አላሉም፤ ትሂድ አሉ። መጀመሪያ ወደ አክስቴ፣ ከአክስቴ ደግሞ ባሕር ተሻግሬ ወደዚህ ዳገት ወደሌለበት አገር መጣሁ።

እዚህ ብስክሌት የማይነዳ የለም፤ ቄሳችንም ይነዳሉ። እኔም ለቅዳሴ የምሄደው በብስክሌት ነው፤ ጉልበቴ በእግር አያስኬደኝም፣ ፔዳል ግን ይገፋል። አምና ከሱቅ እንደዚያው የሚነክስ ፔዳል ገዛሁ። ሻጩ እግሬን አይቶ ተራውን ውሰጂ አለኝ። እምቢ አልኩ። ክሊቱን ራሴ አሰርኩት፤ አፍንጫውን ወደ አውራ ጣቴ ትንሽ አዞርኩ፣ የሚወላውለውን ዓይነት ነው የመረጥኩት። የግራውን ብሎን መሃል ላይ ተውኩት። የቀኙን እስከ መጨረሻ አላላሁት።

ለእብናቷ በስልክ ነገርኳት። አሁን እብናት ላይ የእህል መጋዘን አላት፤ ስታወራኝ መሃል ላይ ሰው ትሳደባለች።

«እስከ መጨረሻ?»

«እስከ መጨረሻ።»

«ቢመጡብሽስ?»

«እዚህ ማን ይመጣብኛል?»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ። ቢመጡብሽ?»

«እወርድና እሮጣለሁ።»

«በዚያ ጉልበትሽ!» ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቆመና በስልኩ ውስጥ የእህል ሚዛን ሲንኳኳ ብቻ ይሰማኝ ጀመር። «አጥብቂው» አለችኝ ቀስ ብላ።

ስልኩን ዘግቼ ወደ ብስክሌቱ ወጣሁ። መፍቻውን ሰካሁ። እጄ ብሎኗ ላይ ቆየ፤ የነካኋት በገዛ እጄ ነው፣ ማንም አልከለከለኝም። አላዞርኳትም። መፍቻውን ነቅዬ ፔዳሉን ረገጥኩ፤ ተረከዜን ወደ ውጭ ነካ አደረግኩና መልቀቁን ሰምቼ ወደ ቅዳሴ ሄድኩ።